የጣቢታ ቀሚስና የአቴ ጫማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ቅዱሳን። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ያለችውን ጣቢታን መቼም ታውቋታላችሁ፣ ኢዮጴ የነበረችው፣ ታማ የሞተችው፣ ጴጥሮስ ጸልዮ ያስነሳት። ስንሰብከው ሁሌ ወደ መነሳቷ ነው የምንሮጠው፣ ተአምር እንወዳለና። እኔ ግን ከ2020 ጀምሮ ቁጥር 39 ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ። ጴጥሮስ ሰገነቱ ላይ ሲወጣ መበለቶቹ እያለቀሱ፣ ዶርቃ (ያው ጣቢታ ናት) ከነሱ ጋር ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ እያሳዩት ቆሙ ይላል። አስቡት እስቲ፣ አስከሬኑ እዛው ተጋድሞ "ይቺን ለኔ ነው የሰፋችልኝ" እያሉ ልብስ ማሳየት!

ለምን እዚህ ጋ እንደቀረሁ ልንገራችሁ። ሜሪላንድ አንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳት ማለት ነው፣ ሆኜ ናይት ስጀምር ቻርጅ ነርሳችን፣ የሺፍቱ ኃላፊ ነርስ፣ ፊሊፒናዊት ነበረች። ሁላችንም "አቴ" ነበር የምንላት፣ በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ስሰማ "እቴ" የሚሉ መስሎኝ ስቄያለሁ፣ ለካ ትርጉሙም እዛው ነው።

አሜሪካ ሆስፒታል የገባ ሰው ፊሊፒኖ ነርስ ሳያይ አይወጣም አይደል? ዝም ብሎ የመጣ ነገር አይደለም። አሜሪካ በ1898 ፊሊፒንስን ከስፔን ስትረከብ ትምህርት ቤት ከፈተች፣ ነርሲንጉንም በራሷ ሥርዓት በእንግሊዝኛ አስተማረች፣ ከ1948 በኋላ ነርሶቹ በልውውጥ ፕሮግራም መምጣት ጀመሩ፣ የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ በሩን በደንብ ከፈተው። አቴ "እኛ ሰፈር ነርስ መሆንና አሜሪካ መሄድ አንድ ነገር ነው" ትለኝ ነበር። እኛ ጋ ዲቪ እንደሚባለው በሉት። እሷ ፊሊፒንስ ካለችው ባታንጋስ ስትመጣ ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ ነው፣ ሰባት ዓመት አላየቻቸውም። ይሄን እንደ ጀብድ አላወራላችሁም፣ እሷም ስታወራው ድምጿ ይቀየር ነበር። ብሬክ ሩም ጥግ ላይ ሁሌ አንድ ትልቅ ካርቶን ነበራት፣ ባሊክባያን ቦክስ ይሉታል፣ ሳሙና፣ ሎሽን፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ፎጣ ትንሽ ትንሽ እያለች ትሞላዋለች፣ ሲሞላ በመርከብ ይሄዳል። እኛ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ስናገኝ ሻንጣው ላይ እንደምንሻማው ማለት ነው፣ እነሱ ግን ሳይጣሉ (ይሄንንማ መማር ነበረብን)።

ወደ ጫማው ልምጣ። ሥራ ስጀምር የነበረኝ ቸርች የማደርገው ስስ ጫማ ብቻ ነው፣ ሌሊት ደብል ሠርቼ ጠዋት እግሬ አብጦ አውቶቢስ ላይ አለቅስ ነበር። አንድ ቀን ሎከሬ ውስጥ በፌስታል ነጭ ስኒከርና ሁለት ካልሲ አገኘሁ፣ ቁጥሩ ልክ የኔው። ማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሄጄ አመሰገንኳት፣ "የቱ ጫማ?" አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር፣ የምር ረስታዋለች! ማቴዎስ 25 ላይ ጻድቃኑ "ጌታ ሆይ፣ ተርበህ መቼ አይተን አበላንህ?" የሚሉትን በፊት እንደ ትህትና ነበር የማየው፣ አሁን ግን እውነታቸውን ነው እላለሁ፣ በቃ አላስታወሱትም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እሷ ካቶሊክ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ በየክፍሉ በር ቆም እያለች ስትጸልይ ሳያት በልቤ "ይቺን ሴት ወንጌል ልንገራት" እል ነበር። ልጆቻቸው የማይጠይቋቸውን ሽማግሌ ጥፍር በብሬኳ ሰዓት ተንበርክካ ስትቆርጥ ያየኋት ቀን ነው ዝም ያልኩት። በአስተምህሮ ዛሬም ልዩነት አለን፣ እሱን አልደብቅም፣ ግን የዛን ቀን ማን ማንን ማስተማር እንዳለበት ገብቶኛል።

ከዛ ኮቪድ መጣ። አንዷን ማስክ በወረቀት ከረጢት እያስቀመጥን ቀናት እናደርጋት ነበር። ናሽናል ነርስስ ዩናይትድ የሚባለው የአሜሪካ ነርሶች ዩኒየን በ2020 ሴፕቴምበር ያወጣውን ሪፖርት ካያችሁ፣ እስከዛ ከሞቱት 213 ነርሶች 67ቱ ፊሊፒኖ ናቸው፣ ከአገሪቱ ነርሶች ግን ከመቶ 4 ቢሆኑ ነው። አይሲዩና ነርሲንግ ሆም፣ አልጋው አጠገብ ብዙ የሚቆመው ማን ሆነና። አቴ በኤፕሪል ታመመች። የጸሎት ግሩፓችን ጾመ፣ ጸለይን፣ "ጣቢታ ሆይ፣ ተነሺ" የሚለውን ቃል ይዤ ለምኛለሁ። አልተነሳችም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አውቃለሁ የሚል ሰባኪም አልፈልግም።

እነሱ ሰው ሲሞት በተከታታይ ለዘጠኝ ሌሊት ይጸልያሉ፣ ከዛ አርባ። እናቴ ኦርቶዶክስ ስለሆነች አርባ ሲሉኝ አልገረመኝም። ያኔ ሰው መሰብሰብ ስለማይቻል አርባዋ በዙም ሆነ፣ ባታንጋስ ጠዋት እኛ ጋ ማታ። ንግግር የተዘጋጀ ነገር አልነበረም። አንዷ እህቷ ድንገት ከካርቶን የመጣ ፎጣ አንስታ ካሜራው ላይ አሳየች፣ ሳትጠቀምበት ያስቀመጠችው። የወንድሟ ልጅ እሷ አስተምራው ያገኘውን የነርሲንግ ዲፕሎማ። የጋናዋ ባልደረባችን ሹራብ። ያኔ ነው ቁጥር 39 የበራልኝ። ጣቢታ ስትሞትም ስትነሳም አንድ ቃል ስትናገር አልተጻፈም፣ የተናገሩላት የለበሱት ናቸው። መስጠቱ የሷ ድርሻ ነበር፣ ማስታወሱን ግን ለመበለቶቹ ነው የተወችው፣ እና እኛ ስንቱን ለብሰን ዝም ብለናል ወገኖች?

ተራዬ ሲደርስ እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ተነስቼ ከአልጋ ስር ያን ስኒከር አወጣሁ፣ ሶሉ አልቆ አንድ ጎኑ ተቀዷል፣ ካሜራው ፊት ከፍ አርጌ ያዝኩት።


ልጇ ከባታንጋስ "ቁጥሩን እኔን ጠይቃኝ ነበር፣ ያንቺ ስንት ነው ብላ" አለችኝ።