ሆምስኩሊንግ ምንድን ነው? ከቤተሰቡ የኑሮ ዕቅድ ጋርስ እንዴት ይሄዳል?

ሆምስኩሊንግ ማለት ወላጅ ልጁን መደበኛ ትምህርት ቤት ሳያስገባ፣ የማስተማሩን ኃላፊነት ራሱ ወስዶ ቤት ውስጥ ሲያስተምረው ነው። ይህ ሲባል ወላጅ ሁሉንም ነገር በራሱ አፍ ያስተምራል ማለት አይደለም። ለሒሳብ አስጠኚ ሊቀጥር ይችላል። ለቋንቋ የኦንላይን ኮርስ ሊያስመዘግብ ይችላል። ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ሆኖም ልጆቹን በቡድን ሳይንስ ያስተምር ይሆናል። ግን ልጁ ምን ይማር፣ መቼ ይማር፣ የተማረው ገብቶታል ወይ የሚለው ሁሉ የወላጅ ኃላፊነት ነው።

ብዙ ሰው ሆምስኩሊንግ ሲባል ትዝ የሚለው የኮሮና ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ190 በሚበልጡ አገሮች ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ቤት ሆነው ተምረዋል። ያኔ ግን መጽሐፉም፣ የቤት ሥራውም፣ ፈተናውም ከትምህርት ቤት ይመጣ ነበር። ወላጅ የሚጠበቅበት ልጁን ስክሪን ፊት ማስቀመጥና መቆጣጠር ነበር። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ትዝታ ሆምስኩሊንግን መመዘን ይከብዳል።

አሠራሩ ከቤት ቤት ይለያያል። አንዱ ቤተሰብ የመማሪያ መጻሕፍት ገዝቶ በክፍለ ጊዜ ያስተምራል። ሌላው ጠዋት ንባብና ሒሳብ ይይዝና የቀረውን ቀን ለልጁ ፍላጎት ይተዋል። ከሁሉም ነጻ የሆነው አንስኩሊንግ የሚባለው ነው። በዚህኛው የትምህርቱ መሪ የልጁ ጉጉት ነው። ሐሳቡን ያስፋፋው ጆን ሆልት የተባለ አሜሪካዊ መምህር ነው። ሆልት በመጀመሪያ የሚታገለው ትምህርት ቤቶች እንዲሻሻሉ ነበር። በዚያ ተስፋ ሲቆርጥ ፊቱን ወደ ወላጆች አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1977 ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ውጭ ለሚያስተምሩ ቤተሰቦች መጽሔት ማሳተም ጀመረ።

ወደዚህ መንገድ የሚያስገቡ ምክንያቶች አንዳንዶቹ ከልጁ ይነሳሉ። ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቃት ይደርስበታል፣ ጤናው አይፈቅድም፣ ወይም የክፍሉ ፍጥነት አልተስማማውም። ሌሎቹ ከቤተሰቡ ኑሮ ይነሳሉ። ወላጆች ሥራቸው ከቦታ ቦታ ያዘዋውራቸዋል፣ ዓለምን እየዞሩ መኖር ይፈልጋሉ፣ ወይም የጠዋቱ ሩጫ ሰልችቷቸው ረጋ ያለ ሕይወት ያምራቸዋል። በዚህ ምንም ነውር የለም። ነገር ግን ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የወላጅ ምኞት "ለልጁ ሲባል ነው" ተብሎ ሲቀርብ ማንም ደፍሮ አይጠይቀውም። ልጁም አይጠይቅም።

ትልቁ ግጭት ያለው ጊዜ ላይ ነው። ቤተሰቡ የፈለገው ነጻነት ነው። ሆምስኩሊንግ ደግሞ የአንድን አዋቂ ሰው ሰዓት ይበላል። እርግጥ አንድ መምህር ለአርባ ልጅ የሚያካፍለውን ትኩረት አንድ ልጅ ብቻውን ሲያገኝ ትምህርቱ ይፈጥናል። በታችኛው ክፍል ላለ ልጅ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ትኩረት ያለው ትምህርት ሊበቃው ይችላል። ግን እነዚያ ሰዓታት ሥራ እየሠሩ ጎን ለጎን የሚሰጡ አይደሉም። ላፕቶፕ ላይ ስብሰባ ይዞ ልጅን ማንበብ ማስተማር አይቻልም፤ ሁለቱም ይበላሻሉ። ዝግጅቱም አለ፣ እርማቱም አለ። ብዙ ጊዜ ይህ ሸክም የሚወድቀው እናት ላይ ነው። "እንሞክረው" ከመባሉ በፊት የማን ሥራ እንደሚቀንስ፣ የማን ገቢ እንደሚጎድል በግልጽ መነጋገር ግድ ነው። ይህን ንግግር የዘለለ ቤተሰብ በኋላ በኩርፊያ ይከፍለዋል።

ቀጥሎ የልጁ ዕድሜ ይመጣል። እኔ እንደማምነው ከሁሉ በላይ የሚረሳው ይኼ ነው። ፊደል የሚቆጥር ልጅ በየቀኑ መደጋገም ይፈልጋል። በየሁለት ሳምንቱ ቤት የሚቀይር ቤተሰብ ይህን ድግግሞሽ ለመጠበቅ ይቸገራል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማንበቡን ከያዘ በኋላ ጉዞ ሲሳይ ይሆንለታል፤ ያየውን ሁሉ ይጠይቃል፣ የትም ቢሄድ ጓደኛ አያጣም። አሥራ ሦስት ሲሞላው ነገሩ ይገለበጣል። አሁን የሚፈልገው ዘወትር የሚያገኛቸውን፣ ምሥጢር የሚያወራቸውን ጓደኞች ነው። ስለዚህ ውሳኔውን ለዘላለም አድርጎ መያዝ ስህተት ነው። በየዓመቱ እንደገና መመርመር አለበት። ለሁለት ልጆች ሁለት የተለያየ መልስ ቢመጣም አይገርምም፤ ታላቅ ትምህርት ቤት ገብቶ ታናሽ ቤት ሊማር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 26 ለልጆቻቸው የሚሰጠውን የትምህርት ዓይነት የመምረጥ ቀዳሚ መብት ለወላጆች ይሰጣል። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለውና እንደ ዕድሜውና ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱ አብረው መነበብ አለባቸው። ወላጅ ይመርጣል፤ ግን ልጁን ጠይቆ፣ ያለውንም ከልብ ሰምቶ።

ሕጉን ሳያዩ መጀመር አደገኛ ነው። በአሜሪካ በ50ውም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ደንቡ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። በእንግሊዝም ይፈቀዳል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በቅድሚያ ፈቃድ መጠየቅን ግዴታ አድርጋለች። በጀርመን ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ስለሆነ በጥቂት ልዩ ምክንያቶች ካልሆነ በቀር አይቻልም። አገር ለመቀየር የሚያስብ ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ደግሞ ቅሬታው የማስተማሪያ ዘዴው ላይ ብቻ ከሆነ ልጅን ቤት ማስቀረት ላያስፈልግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የተጀመረው፣ ልጁ ሥራውን ራሱ መርጦ በእጁ እየነካ የሚማርበት የሞንቴሶሪ፣ ወይም በ1919 ጀርመን ሽቱትጋርት ላይ የተከፈተው፣ ለሥነ ጥበብና ለእጅ ሥራ ሰፊ ቦታ የሚሰጠው የዋልዶርፍ ዓይነት ትምህርት ቤት ሊበቃ ይችላል። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ግማሹን ሳምንት ትምህርት ቤት፣ ግማሹን ቤት መማር ይፈቀዳል።

ቤት ለማስተማር የወሰነ ወላጅ ከመጀመሪያው ቀን መዝገብ ይያዝ። ልጁ ያነበባቸው መጻሕፍት ዝርዝር፣ የጻፋቸው ድርሰቶች፣ የሠራቸው የሒሳብ ልምምዶች ከነቀናቸው በአንድ ፋይል ይቀመጡ። አንድ ቀን "ትምህርት ቤት ልግባ" ቢል፣ የሚቀበለው ትምህርት ቤት የት እንደደረሰ መጠየቁ አይቀርም። ብሔራዊ ወይም ዓለም አቀፍ ፈተና በግል ተፈታኝነት መውሰድ የሚፈልግ ከሆነም ምዝገባው ቀድሞ ስለሚዘጋ መቼ እንደሚዘጋ፣ በተለይ ደግሞ ቤተ ሙከራ የሚጠይቁ የሳይንስ ትምህርቶችን የት እንደሚለማመድ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማጣራት ይሻላል።