ዲጂታል ቴክኖሎጂ በኢትዮጵያ የመምህራን ትምህርት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን በዋናነት በክልሎች ሥር ባሉ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች፣ የሁለተኛ ደረጃዎቹ ደግሞ በዩኒቨርሲቲዎች ይሠለጥናሉ። ዲጂታል ቴክኖሎጂ ወደ ሥልጠናው የገባው ዘግይቶ ሲሆን፣ መሣሪያው ከመምህሩ ዝግጅት ቀድሞ መምጣቱ የታሪኩ ዋና መልክ ሆኖ ቆይቷል።

ዘመናዊ የመምህራን ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1944 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ከተጀመረ በኋላ ለአሠርት ዓመታት የማስተማሪያው መሣሪያ ጥቁር ሰሌዳ፣ ሠንጠረዥና በአካባቢ ቁሳቁስ የሚሠራ መርጃ መሣሪያ ነበር፤ ሬዲዮም የራሱ ድርሻ ነበረው።

ነገሩ የተለወጠው በ«ፕላዝማ» ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪን፣ ባዮሎጂንና እንግሊዝኛን ጨምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅተው በሳተላይት አማካኝነት በየክፍሉ በተሰቀሉ ስክሪኖች ይሠራጩ ጀመር፤ ሥርጭቱን የሚመራው የትምህርት መገናኛ ብዙኃን ኤጀንሲ ነበር። መምህሩ ትምህርቱን ለማስተዋወቅና መጨረሻ ላይ ለመከለስ የሚያገኘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። በስክሪኑ የሚታየው አስተማሪ ጥያቄ ጠይቆ፣ ለመልስ የምትሆን አጭር ጊዜ ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር፤ ተማሪው ገባውም አልገባው ሥርጭቱ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም ነበር። መብራት ከጠፋ ክፍለ ጊዜው አለፈ ማለት ነበር።

ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ «ቴሶ» በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ፕሮግራም ዕጩ መምህራን አሳታፊ የማስተማር ዘዴን እንዲከተሉና በትምህርት ቤቶች ረዘም ያለ ፕራክቲከም (የማስተማር ተግባራዊ ልምምድ) እንዲያደርጉ ደንግጎ ነበር። በመሆኑም የትምህርት ፋኩልቲዎቻችን ተማሪን ማወያየት፣ በቡድን ማሠራትና እንደ ክፍሉ ሁኔታ ፍጥነትን መመጠን ያስተማሯቸው ምሩቃን፣ ፍጥነቱን ሌላ ሰው የወሰነበት ክፍል ውስጥ ገቡ። ፕላዝማ መምህሩን ወደ ማብሪያና ማጥፊያ ተቆጣጣሪነት ዝቅ አድርጎታል የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። ቤተ ሙከራ በሌለባቸው ትምህርት ቤቶች ሙከራን በምስል ማሳየቱ ትልቅ እርዳታ እንደነበር የሚከራከሩም አሉ፤ ምናልባት ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው እውነት ይኖራቸዋል። የምሩቃኑ ሥልጠና ከፕላዝማ ክፍል ጋር ባለመጣጣሙ ፋኩልቲዎቹን መውቀስ ግን ተገቢ አይሆንም።

ቀጣዩ ምዕራፍ ከዓለም አቀፍ ትብብር ጋር የተያያዘ ነው። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው የዩኔስኮ የአፍሪካ አቅም ግንባታ ተቋም ዋና ሥራው የመምህራን ልማት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2012 በተጀመረው የዩኔስኮና የቻይና የመምህራን ትምህርት ፕሮጀክት ከታቀፉት አገሮች አንዷ ነበረች። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሻሻለው የመምህራን የቴክኖሎጂ ብቃት ማዕቀፍ 18 ብቃቶችን በ3 ደረጃዎች ይዘረዝራል፤ ማዕቀፉ ኮምፒውተር መክፈትና መተየብ ከመቻል ይልቅ ቴክኖሎጂውን ከትምህርቱ ይዘትና ከማስተማር ዘዴ ጋር ማዋሐድን ያስቀድማል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ-19 ምክንያት ሲዘጉ፣ ብዙ አሠልጣኝና ሠልጣኝ የተገናኘው በቴሌግራም ነበር። ልማዱም አልቀረም። ዛሬ ሞጁሉ በፒዲኤፍ ወደ ቡድኑ ይላካል፣ ዕጩ መምህሩም በስልኩ ስክሪን ላይ እያጎላ ያነበዋል፤ ማይክሮ ቲቺንግ (በሠልጣኝ ጓደኞች ፊት የሚደረግ አጭር የማስተማር ልምምድ) ሲቀርብ ጓደኛው በስልክ ይቀርጸውና ከሰሌዳው ፊት ስንት ጊዜ ጀርባውን ለተማሪ እንደሰጠ ራሱ ያያል። ይህ ርካሽ ዘዴ ከብዙ ውድ መሣሪያ የተሻለ ያስተምራል ማለት ይቻላል።

የትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾን ከተባለው የኢትዮጵያ ድርጅት ጋር የሚያካሂደው የኢ-ለርኒንግ ፕሮጀክት የዩኒቨርሲቲ መምህራንን በኦንላይን ትምህርት ዝግጅት ያሠለጥናል፤ ትኩረቱም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ መምህራንን ሲያፈራ የኖረው አንጋፋው ኮተቤም ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የክልል ኮሌጆች ሠልጣኞች ግን ለፕራክቲከም የሚመደቡባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት፣ አንዳንዴም መብራት ስለሌላቸው፣ በኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል ያዘጋጁትን ፓወርፖይንት ትተው በካርቶን ላይ በተሣለ ሥዕል ያስተምራሉ፣ በዚያውም ይገመገማሉ።