ክላምፕና ተጣጣፊ ክንድ፦ ፍላሽን ከካሜራ አውርዶ መስቀል

ካሜራ አናት ላይ የተሰካ ፍላሽ ሁሌም ከፊት ነው የሚመታው። ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ግንባር ያብረቀርቃል፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይለጠፋል። ስለዚህ ፎቶ አንሺዎች ፍላሹን ነቅለው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይወስዱታል። ከዚያ ጥያቄው ማን ይያዘው ነው። ረዳት ያለው ረዳቱን ያስይዛል፣ ሰፊ ቦታ ያለው ስታንድ ይተክላል። ሁለቱም የሌለው፣ ወይም ቢኖረውም እንግዳ እየተጋፋ በሚያልፍበት አዳራሽ ውስጥ ሦስት እግር ያለው ነገር ማቆም ያልፈለገ ሰው፣ በክላምፕ፣ ማለትም ነክሶ በሚይዝ መቆንጠጫ፣ በር ላይ፣ ቱቦ ላይ ወይም መደርደሪያ ላይ ይሰቅለዋል።

ዘዴው ከፎቶ አንሺዎች በፊት የፊልም ሠራተኞች ነበር። ሆሊውድ ውስጥ መብራትና ካሜራ የሚሰቅሉት ሰዎች ግሪፕ ይባላሉ፤ ዛሬ የምንጠቀምበት መለኪያ ሁሉ ከእነሱ ሰፈር የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ስታንድ አናት ላይ ያለው 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ፣ ማለትም ስታድ፣ ዋናው መገናኛ ነው። ክላምፑም ክንዱም የፍላሽ መያዣውም ለዚህ ልክ ስለሚሠሩ የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ከሌላው ጋር ይገጥማል። ከዚህ ሌላ ሁለት ዓይነት ብሎኖች አሉ። አንደኛው ባለ ሩብ ኢንች ነው፣ ካሜራችን ሆድ ላይ ያለው ቀዳዳ የሚቀበለው። ሁለተኛው ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ነው፣ ወፍራሙ። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ያወቀ ሰው ዕቃ ሲገዛ አይሸወድም።

ከፎቶው ዓለም በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳው ሊኖ ማንፍሮቶ ነው። በሰሜን ጣሊያን ባሳኖ ዴል ግራፓ በምትባል ከተማ የሚሠራ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነበር። በጊዜው የነበረው የስቱዲዮ ስታንድ ከባድ ስለነበረና ተሸክሞ መዞር ስላስመረረው ለራሱ ቀለል ያለ መሥራት ጀመረ፤ ጓደኞቹ ለእኛም ሥራልን አሉት፣ ነገሩ ወደ ፋብሪካ አደገ። ሊኖ በ2017 አረፈ። ሱፐር ክላምፕ ሲባል ብዙ ባለሙያ ቶሎ ትዝ የሚለው የዚያ ፋብሪካ ቁጥር 035 ነው።

እሱን ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። ከአልሙኒየም የተሠራ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። መንጋጋው ከ13 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ ይነክሳል። የውስጡ ቅርጽ የታጠፈ ስለሆነ ክብ ነገር ሲይዝ አይንሸራተትም። ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ፣ ለመያዝ ግን መንጋጋው ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሽብልቅ አለው፤ ያችን ሽብልቅ ብዙ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይጥላታል። ጎኑ ላይ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ስታዱን ስትከት ቀጭ ብሎ ይያዛል፣ በጣት የምትጫን ቁልፍ ካልነካህ አይወጣም፣ ከዚያ በተጨማሪ በብሎን ታጠብቀዋለህ። ድርብ መቆለፊያ ማለት ነው። ፋብሪካው 15 ኪሎ ይሸከማል ይላል። ከካሜራ ላይ የሚነቀል ተራ ፍላሽ ከነባትሪ ድንጋዮቹ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው የሚመዝነው፤ ክላምፑ አልከበደውም።

ታዲያ ፍላሽ ለምን ይወድቃል?

በአብዛኛው ጥፋቱ የክላምፑ አይደለም። ወይ ክንዱ ነው፣ ወይ ክላምፑ የነከሰው ነገር ነው። ሰው ዕቃ ሲገዛ ግን ገንዘቡንም ጭንቀቱንም ክላምፑ ላይ ነው የሚጨርሰው።

ክንዱን እንውሰድ። ተጣጣፊ ክንድ ማለት ሁለት ዘንጎች መሐል ላይ በክርን የተያያዙበት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ደግሞ ወደፈለጉበት የሚዞር ኳስ ያለው ዕቃ ነው። ማጂክ አርም የሚባለው ትልቁ ዓይነት ሲዘረጋ ግማሽ ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ የሚሸከመውም 3 ኪሎ ነው። ከ15 ወደ 3 ወረድን። መሐሉ ላይ ያለውን አንድ ማንሻ ስትጫን ሦስቱም መገጣጠሚያዎች ባንዴ ይቆለፋሉ፤ ስትለቀው ደግሞ ሦስቱም ባንዴ ይፈታሉ፣ እና በሌላው እጅህ ፍላሹን ካልያዝክ ክንዱ ዥው ብሎ ይወርዳል፣ ከሥር የቆመ ሰው ካለ አናቱ ላይ። በማንሻ ፋንታ ቀስ እያሉ የሚያጠብቁት እጀታ ያለውም አለ፤ ምርጫው የኔ ከሆነ እሱን ነው የምወስደው፣ ምክንያቱም ሳይፈታ በትንሹ ላላ አድርጎ አቅጣጫ ማስተካከል ይቻላል።

ክንዱን የሚያሸንፈው ክብደቱ ብቻ አይደለም፣ ርቀቱም ነው። ግማሽ ኪሎ ፍላሽ ከክላምፑ 25 ሴንቲ ሜትር ርቆ ወደ ጎን ሲንጠለጠልና 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲንጠለጠል መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና እጥፍ ነው። ሶፍትቦክስ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን፣ ከጨመርክበት ክብደቱ ከክንዱ ጫፍም አልፎ ወደ ፊት ይወጣል። ያንኑ ፍላሽ በቀጥታ ወደ ታች ብታንጠለጥለው ግን መገጣጠሚያውን የሚጠመዝዝ ጫና የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የለመዱ ሰዎች ክንዱን እስከ መጨረሻው አይዘረጉም። ክርኑን አጥፈው ፍላሹን ወደ ክላምፑ ያስጠጋሉ፣ ቦታ ካጠራቸውም ክላምፑን ራሱን ያዛውራሉ።

ገበያ የሞሉት ትንንሾቹ ክንዶች፣ ባለ 7 እና ባለ 11 ኢንች የሚባሉት፣ ሌላ ችግር አለባቸው። ጫፋቸው ላይ ያለው ባለ ሩብ ኢንች ብሎን ብቻ ነው። ፍላሹ ያዘነበለው ብሎኑ በሚፈታበት አቅጣጫ ከሆነ የራሱ ክብደት ይፈታዋል፤ ሙዚቃው ወለሉን የሚያንቀጠቅጥበት አዳራሽ ከሆነማ ሥራው ይፋጠናል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ክብደቱ ብሎኑን ወደሚያጠብቅበት ጎን እንዲያዘነብል አድርጎ መግጠም፣ ከብሎኑ ሥር ያለችውን ክብ ማጥበቂያም እስከ መጨረሻው ማዞር። ለካሜራ ሞኒተር ወይም ለትንሽ ኤልኢዲ መብራት እነዚህ ክንዶች ደህና ናቸው። ለከባድ ፍላሽ አልመክርም።

ከክንድ ወሬ ሳንወጣ፣ የፊልም ሰዎች በጣም የሚወዱት ኖጋ የሚባል ክንድ አለ። ሥሪቱ እስራኤል ሽሎሚ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው ለፎቶም ለፊልምም ሳይሆን በብረት ሥራ ቤት መለኪያ መሣሪያ ማሽን ላይ ለመያዝ ነበር። የማይነቃነቅ ነገር የለመዱ ብረት ሠሪዎች የሠሩት ስለሆነ አያያዙ ጥብቅ ነው።

ሞላ ያላቸው ክላምፖችም አሉ፣ የልብስ መቆንጠጫ የሚመስሉት ግን ተለቅ ያሉት። አናታቸው ላይ የፍላሽ መሰኪያ ያለው ኳስ ይገጠምባቸዋል። በአንድ እጅ ይከፈታሉ፣ በሁለት ሰከንድ በር ላይ ይቆማሉ፣ ኪስ ውስጥ ይገባሉ። እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ይይዛሉ። ፍላሽ ብቻውን ከሆነ ይበቃሉ። ዣንጥላ ወይም ሶፍትቦክስ ግን አይሞከርም። ለቢሮ ኮርኒስ ደግሞ የኮርኒሱን ቀጭን ላሜራ እንደ መቀስ የሚነክስ ትንሽ መያዣ አለ፤ ከሥሩ ስታድ ይወጣለታል። ያ ላሜራ የኮርኒሱን ጡብ ለመሸከም እንጂ ለሌላ አልተሠራምና ከአንድ ትንሽ ፍላሽ በላይ ማንጠልጠል ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥፋተኛ፣ ወደሚነከሰው ነገር እንምጣ። የደረጃ ብረት መደገፊያ ግሩም ነው። የሰርግ ድንኳን ወፍራም የብረት ቋሚም ግሩም ነው። ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚቆመው የዲኮር ፍሬም ግን ዓይን የሚገባ ወጥመድ ነው፤ ቁመቱም ቦታውም ለፍላሽ የተሠራ ይመስላል፣ ነገር ግን ቀጭን ቱቦ ነው፣ ጨርቅና አበባ ተሸክሟል፣ አንድ ሕፃን ጨርቁን ቢጎትት ፍሬሙ ከነፍላሹ ሙሽሮቹ ላይ ነው። የእሳት ማጥፊያ ውኃ የሚያልፍበት የኮርኒስ ቱቦ፣ የጋዝ ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ በምንም ዓይነት አይነኩም። ቀለም የተቀባ እንጨት ላይ ከሆነ ከመንጋጋው ሥር ቁራጭ ጎማ ወይም ጨርቅ ይደረጋል፣ አለዚያ ጥርሱ ይታተምበታል፣ ባለቤቱም ሁለተኛ አያስገባህም። ደግሞ የሰው ቤት ነውና ከመስቀል በፊት ማስፈቀድ ነው።

ከፍ ባለ ቦታ የተሰቀለ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ማሰሪያ ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ፎቶ አንሺዎች ትልልቅ ፍላሾችን ከስታዲየሙ ጣሪያ ሥር ካለው የብረት መተላለፊያ ላይ ይሰቅላሉ፣ ከሜዳው ዳር ሆነው በሬዲዮ ያስፈነጥቋቸዋል። እዚያ ክላምፑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ፍላሹ ለብቻው በብረት ገመድ ይታሰራል። ለኛ ትንሽ ፍላሽም አንድ ጠንካራ ገመድ በፍላሹ አንገት አዙሮ ቱቦው ላይ ማሰር ይበቃል። ገመዱ አጭር ይሁን፤ ረጅም ከሆነ ፍላሹ ወርዶ ወርዶ የሰው ጭንቅላት ጋ ሲደርስ ነው የሚቆመው።

ተራው ሰው በትንሽ ፍላሽ እንዲህ እንዲሠራ መንገዱን ካሰፉት አንዱ የባልቲሞር ሰን ጋዜጣ ፎቶ አንሺ የነበረው ዴቪድ ሆቢ ነው፣ ከ2006 ጀምሮ ትምህርቱን በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይለቅ ነበር። ፍላሹን ከሩቅ የሚያስፈነጥቀው የሬዲዮ ትሪገር መርከስም ረድቷል። ድሮ በብርሃን ወይም በኢንፍራሬድ የሚገናኙት ፍላሾች መተያየት ነበረባቸው፣ ከዓምድ ጀርባ ከሰቀልከው ጠፋ ማለት ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሬዲዮ የሚሠሩት ግን ከዓምድ ጀርባም ይታዘዛሉ፣ ስለዚህ ክላምፕ የሚገባበት ጥግ ሁሉ የመብራት ቦታ ሆነ።

የት ይሰቀል ለሚለው አንድ ሒሳብ መያዝ ያስፈልጋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከሰውየው 1.5 ሜትር ላይ የነበረ ፍላሽ 3 ሜትር ላይ ሲሰቀል ሁለት ስቶፕ ይጠፋል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ነው። ትንሽ ፍላሽ ይህን ለማካካስ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ለመሙላትም ሰከንዶች ይፈጃል። በሌላ በኩል ራቅ ብሎ የተሰቀለ ፍላሽ ብርሃኑ ለፊተኛውም ለኋለኛውም ሰው ተቀራራቢ ስለሚሆን ለቡድን ፎቶ ይመረጣል። መነጽር ያደረገ ሰው ካለ ፍላሹን ከፍ አድርጎ ወደ ጎን ማራቅ ነው፣ በሚመታበት ማዕዘን ነውና የሚያንጸባርቀው።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ብዙዎችን ያስቸግራል። አንዳንድ ክላምፕ ላይ ያለው የፍላሽ መሰኪያ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው፣ የፍላሹ እግር ሥር ያሉት ነጥቦች ብረቱን ሲነኩ እርስ በርስ ይገናኙና ፍላሹ ያለ ትእዛዝ ይበራል ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። ሰው ትሪገሩን ሲወቅስ ያመሻል። መሰኪያው ላይ ቁራጭ የኤሌክትሪክ ፕላስተር መለጠፍ ነው።

ሲፈታ ከፍላሹ ይጀመራል። ገመዱ ታስሮ እንዳለ ፍላሹ በእጅ ይያዛል፣ ከክንዱ ይለያል፣ ገመዱ ይፈታል፣ ቀጥሎ ክንዱ፣ ክላምፑ መጨረሻ። ፕሮግራሙ አልቆ ሁሉም ሰው ለመውጣት ሲቸኩል ክላምፑን ቀድሞ የሚፈታ ሰው ፍላሹን፣ ክንዱንና ክላምፑን ባንዴ መሰላል ላይ ቆሞ ይታቀፋል።