«ትንሽ ስክሪፕት ናት እኮ!» እና ሌሎች የኮማንድ ላይን ተረቶች

በሳምንት ቢያንስ አንዴ የማየው ነገር አለ። አንድ ጀማሪ ልጅ የፓይተን ኮዱን እንዳይለት ያመጣል። ከላይ ሲስ.አርግቪ[1]፣ ከስሩ ሲስ.አርግቪ[2] ተደርድሯል። «ለምን አርግፓርስ አልተጠቀምክም?» ስለው መልሱ አይለወጥም፦ «ትንሽ ስክሪፕት ናት እኮ! ለሷ ደግሞ ላይብረሪ?» ለአንድ ኪሎ ስኳር አይሱዙ ተከራይ ያልኩት ይመስል ያየኛል።

ነገሩ ለማያውቅ፦ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ከፕሮግራሙ ስም ቀጥለን የምንጽፈው ሁሉ አርጉመንት ይባላል። ፓይተን እነዚህን ሲስ.አርግቪ በሚባል ዝርዝር ውስጥ በተራ ያስቀምጣቸዋል። አርግፓርስ ደግሞ ዝርዝሩን አንብቦ፣ ለይቶ፣ አጣርቶ የሚያቀርብልን ነው።

«በእጄ ብጽፈው ይቀለኛል»

አይቀልም። የሚቀለው የመጀመሪያው አስር ደቂቃ ብቻ ነው።

ተቃጥዬበት ነው የምናገረው። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የደመወዝ ፋይል የምታስተካክል ስክሪፕት ጻፍኩ። የመጀመሪያው አርጉመንት ጥሬው ፋይል ነው፣ ሁለተኛው ውጤቱ የሚጻፍበት። ሠላሳ መስመር አትሞላም። የሂሳብ ሠራተኛዋ በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው። አሠራሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ሁለት ወር ያለችግር ሠሩባት። በሦስተኛው ወር ወረቀቱ ጠፋ። በቃላቸው ሞከሩ፣ የውጤቱን ፋይል ስም አስቀደሙ። ያ ፋይል ከጠዋቱ ሙከራ የተረፈ ስለነበረ ስክሪፕቷ ቅር አላላትም። ውጤቱን እንደ ጥሬ አነበበች፣ ጥሬው ላይ ጻፈችበት። ፓይተን አንድን ፋይል ለመጻፍ ሲከፍት በውስጡ የነበረውን ወዲያው ያጠፋዋል። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ነገር የለም።

«ልጄ፣ ያስገባሁት ሁሉ የት ሄደ?» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ በእጃቸው የለቀሙት ነበር። ምን እንደመለስኩላቸው ትዝ አይለኝም፤ አብሬያቸው እያስገባሁ ማምሸቴን ግን አልረሳውም።

እሳቸው ምንም አላጠፉም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቅደም ተከተል በቃል ያዙ ብዬ የፈረድኩባቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ብጽፋት ኖሮ ስክሪፕቷ የምትጠራው እንዲህ ነበር፦

ፓይተን ደመወዝ --ከ ጥሬ-ነሐሴ --ወደ ውጤት-ነሐሴ

የፈለጋችሁትን አስቀድሙ፣ ለውጥ የለውም። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ አምስት መስመር ኮድ ነው፦ አርግፓርስን ማስገባት፣ ፓርሰሩን መፍጠር፣ --ከ የሚለውን መጨመር፣ --ወደ የሚለውን መጨመር፣ በመጨረሻ ማስነበብ። ሁለቱንም «ሪኳየርድ» (የግድ የሚሰጥ) ማለት ብቻ አትርሱ። የሚጫን ነገርም የለም፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ከወጣው ፓይተን 2.7 ጀምሮ አብሮ ይመጣል።

በእጅ ስትጽፉ ደግሞ ሁለት መስመር ላይ አትቆሙም። አርጉመንት ሲጎድል «ሊስት ኢንዴክስ አውት ኦፍ ሬንጅ» የሚል መዓት ይወርዳል፤ ኢፍ ትጨምራላችሁ። ሁሉም ነገር በጽሑፍ መልክ ስለሚመጣ 10 እና 5 ሲደመሩ 105 ይሆናሉ፤ ወደ ቁጥር መቀየሪያ ትጨምራላችሁ። አንዱ --ወር 12 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው --ወር=12። ሌላ ኢፍ። ከዚያ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ባዩ ይበዛና የእገዛ ጽሑፍ ትጀምራላችሁ። በስድስት ወራችሁ አርግፓርስን እንደገና እየጻፋችሁ ነው፣ ያውም የባሰውን።

አርግፓርስ ግን የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ይናገራል። እገዛውንም ራሱ ያዘጋጃል። አጠቃቀሙ ከተሳሳተ በኮድ 2 ይወጣል፤ ይህ ኮድ ፕሮግራም ሲያበቃ ለጠራው የሚተወው ቁጥር ነው። ይህቺን 2 አትናቋት። እናንተ «ፋይል አልተሰጠም» ብላችሁ ፕሪንት አድርጋችሁ ዝም ብላችሁ ስትወጡ ኮዱ 0 ነው፤ 0 ለሼሉ (ተርሚናል ላይ የምንጽፈውን ተቀብሎ ለሚያስፈጽመው ፕሮግራም) «ሁሉም ሰላም» ማለት ነው። ሌሊት በክሮን (ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚነሳ ሥራ መክሸፉን ማንም ሳያውቅ ሳምንት ይከርማል።

እግረ መንገዴን፦ --ወር የሚቀበለውን ስትገድቡ፣ የምትሠሩት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ከ1 እስከ 13 በሉት። ከኢንተርኔት የተገለበጠ 12 ጳጉሜን ላይ አሳፍሮን ያውቃል።

«ታይፕ=ቡል ካልኩት እውነትና ሐሰቱን ይለያል»

አይለይም። ቡል ማለት እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚሆን እሴት ነው፤ ለፓይተን ግን ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ እውነት ነው። «ፎልስ» ብላችሁ ብትጽፉለትም ባዶ ስላልሆነ «ትሩ» ይላችኋል። «ስቶር_ትሩ» የሚለውን አክሽን ተጠቀሙ፦ ፍላጉ (እሴት የማይከተለው በ-- የሚጀምር ስም) ከተጻፈ በርቷል፣ ካልተጻፈ ጠፍቷል፤ በቃ።

«ፕሮግራሜ የጻፍኩትን እንዳለ ይቀበላል»

መጀመሪያ የሚያነበው ሼሉ ነው። ክፍት ቦታ ባየበት ይቆርጣል፣ ትምህርተ ጥቅሱን አንስቶ ያስቀራል፣ ከዚያ ነው ለፕሮግራሙ የሚያቀብለው። ስለዚህ የነሐሴ ደመወዝ የሚባል ፋይል ያለ ጥቅስ ሲሰጥ ሁለት አርጉመንት ሆኖ ይደርሳል። የተቆረጠውን ኮድ ውስጥ ልስፋው የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ አይሰፋም፣ በመሃል ስንት ክፍት ቦታ እንደነበረ እንኳ አታውቁትም። (እንደ አባቶቻችን በሁለት ነጥብ ለይታችሁ የነሐሴ፡ደመወዝ ብትሉት ግን ሼሉ አይነካውም። ለሼል «፡» እንደማንኛውም ፊደል ነው።)

ኮከብ ምልክቷም እንዲሁ ናት። ሊኑክስ ላይ የተለመደው ሼል ባሽ በፋይሎቹ ስም ተክቷት ይልካል፤ የዊንዶውስ ሼል ሲኤምዲ ኮከቧን እንዳለች ያቀብላል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ ነው።

«ከሰነዱ ኮፒ ነው ያደረግኩት፣ ሊሳሳት አይችልም»

ወርድ ሁለቱን አጫጭር ሰረዞች አንድ ረጅም ሰረዝ አድርጓቸዋል። ለዓይን ያው ነው፣ ለፕሮግራሙ ግን ኦፕሽን (እንደ --ከ ያለ በ-- የሚጀምር ስም) አይደለም።

«ስሙን አሳጥሬ ብጽፈውም ይሠራል»

ይሠራል፤ ችግሩም እሱ ነው። --ውጤት ካለ አርግፓርስ --ውጤ ሲባልም ይገባዋል። ነገ --ውጤታማ የሚል ሲጨመር የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ እምቢ ይላል። ማሳጠር የሚፈቅደውን «አላው_አብሬቭ» አጥፉት።

«ፓስወርድ እንደ አርጉመንት ብሰጥ ምን አለበት?»

ፒኤስ (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝር ትእዛዝ) ብሎ የጻፈ የሰርቨሩ ተጠቃሚ ሁሉ ሊያየው ይችላል፣ የሼሉ ሂስትሪ ውስጥም ይቀመጣል። ሲጻፍ ስክሪን ላይ በማያሳየው የፓይተን ጌትፓስ ጠይቁ።

«የኦፕሽን ስም በአማርኛ አይሆንም»

ማን አለ? ከላይ የጻፍኳቸው --ከ እና --ወደ ፓይተን 3 ላይ እንዳሉ ይሠራሉ። የሚያሰለቸው ኪቦርድ መቀያየሩ ነው። ከሱ የሚብሰው ደግሞ ፊደላችን ነው። እኔ --ዓመት ብዬ አስገባለሁ፣ ባልደረባዬ --አመት ብሎ ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ «አላውቀውም» ይላል። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን ሩብ ሰዓት ጨርሰናል። ለኮምፒውተሩ ዓ እና አ ምንም ዝምድና የላቸውም፤ ጸ እና ፀም፣ ሀ፣ ሐ እና ኀም እንደዚያው። አርግፓርስ ለአንድ ኦፕሽን ብዙ ስም ስለሚፈቅድ --ዓመት እና --አመት ብላችሁ ሁለቱንም መዝግቡ። ኮዳችሁ ውስጥ እሴቱን የምታገኙት መጀመሪያ በጻፋችሁት ስም ነው።