የማያ ህዝብ የቅጠል ህክምናና እፅዋቱን የማዳኑ ስራ

ማያ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ ሚለው ፒራሚዱና ካላንደሩ ነው፣ ህዝቡ ግን ዛሬም በሚሊዮን ሚቆጠር ነው፣ ጓቲማላ፣ ደቡብ ሜክሲኮና ቤሊዝ ውስጥ ይኖራል፣ ቅጠል በጥሶ ስር ምሶ ሚያክመው ባለሙያም አልጠፋም። ዩካታን አካባቢ ህመን ይሉታል፣ ፀሎቱንም መድሃኒቱንም ባንድ ላይ ነው ሚሰጠው። አዋላጅና ወጌሻ ደግሞ ለብቻቸው አሉ።

በሽታውንም መድሃኒቱንም ሞቃትና ቀዝቃዛ ብለው ይለያሉ። ድንጋጤና የሰው አይን እንደ ማንኛውም በሽታ ይታከማሉ፣ ለዚህ ከሚጠቀሙት አንዱ ስፔኖች ያመጡት ጤና አዳም ነው (አዎ፣ እኛ ቡና ውስጥ ምንጨምረው የቅርብ ዘመዱ)። ጫካው ውስጥ ቼቼም ሚባል ዛፍ አለ፣ ወተቱ ቆዳ ከነካ ያቃጥላል ውሃ ያስቋጥራል፣ መድሃኒቱ ቻካ ሚባለው ዛፍ ነው፣ ቀይ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ይላጣል፣ እሱን ቀቅለው ቁስሉን ያጥቡበታል። ደስ ሚለው ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሰፈር ነው ሚበቅሉት።

ችግሩ ጫካው ለከብት ግጦሽና ለእርሻ እየተመነጠረ ነው፣ አዋቂዎቹም አርጅተው ሲሞቱ ተተኪ ወጣት የለም። ቤሊዝ ውስጥ ዶን ኤሊሂዮ ፓንቲ ሚባሉ ስመ ጥር ሀኪም ነበሩ፣ 100 አመት አልፏቸው ነው እ.ኤ.አ. በ1996 ያረፉት፣ እውቀታቸውን ሮዚታ አርቪጎ ሚሏት አሜሪካዊት እሳቸው ስር ሆና ተማረች። እሷና የኒውዮርክ እፅዋት ማእከሉ ማይክል ባሊክ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአገሩን መድሃኒት እፅዋት ከሀኪሞቹ ጋር እየዞሩ መዘገቡ፣ ናሙናውም ለካንሰርና ለኤችአይቪ ምርምር አሜሪካ ተላከ። በ1993 ደግሞ ቴራ ኖቫ ሚባል 6,000 ኤከር ጫካ ለመድሃኒት እፅዋት ተከለለ፣ ሊመነጠር ከተቃረበ ቦታ ችግኝ ነቅሎ እዛ መትከልም የስራው አካል ነበር፣ ለኔ ከሁሉም ብልጡ ስራ ይሄ ነው ምክንያቱም ወረቀት ላይ የተመዘገበ ቅጠል ማንንም አያድንም።

ምዝገባው ራሱ ጠብ ያመጣል። ደቡብ ሜክሲኮ ቺያፓስ ሚባል ግዛት ውስጥ በ1998 የአሜሪካው ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ያለበት፣ የአሜሪካ መንግስት ገንዘብ የሰጠው ትልቅ የመድሃኒት እፅዋት ፕሮጀክት ተጀመረ፣ የባህል ሀኪሞቹ ማህበራት ግን ማን ፈቀደላችሁ፣ ፓተንቱስ (የባለቤትነት መብቱ) የማን ሊሆን ነው ብለው ተነሱ፣ አጥኚዎቹ ጥቅሙን እናካፍላለን ቢሉም የመላውን ህዝብ ፈቃድ ማን ይስጥ ሚለው መልስ ስላጣ በ2001 ተዘጋ። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ኦሚየች ሚባለው ማህበር ሳን ክሪስቶባል ከተማ የራሱ የማያ ህክምና ሙዚየም አለው፣ እዛው የእፅዋት አትክልት ስፍራና መድሃኒት መሸጫም አለ።