ሁለተኛ ደረጃ መካንነት ምንድን ነው? አንድ ከተወለደ በኋላ ፅንስ እምቢ ሲል

«መካን» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ጨርሶ ያልወለደን ነው። አንድ ልጅ ያላት ሴት ወይም አንድ የወለደ ወንድ ቃሉ እኔን ይመለከታል ብሎ ስለማይገምት ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ዓመታት ያልፋሉ። በሕክምናው ግን መካንነት ሁለት ዓይነት ነው። አንድም ጊዜ ፅንስ ካልተያዘ የመጀመሪያ ደረጃ ይባላል። ከዚህ በፊት ፅንስ ተይዞ፣ ልጁ በሕይወት ቢወለድም ባይወለድም፣ ዳግም መፀነስ እምቢ ካለ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ መካንነት ነው። «ሁለተኛ» የተባለው በተራ ኋላ ስለመጣ እንጂ ቀለል ስላለ አይደለም። እንዲያውም ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች በብዛት የሚታየው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመጣበታለን።

መለኪያው ጊዜ ነው። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እየተገናኙ 12 ወር ካለፈ ምርመራ ይጀመራል። ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት 6 ወር ይበቃል፤ 40 ካለፈች ጭራሽ መጠበቅ የለባትም። የመጀመሪያ ልጇን በ29 ዓመቷ የወለደች ሴት ሁለተኛውን በ37 ዓመቷ ስትፈልግ የእንቁላሎቿ ቁጥርም ጥራትም ቀንሷል፤ ከ35 ወዲህ ደግሞ የሚቀንስበት ፍጥነት ይጨምራል። ከምክንያቶች ሁሉ ተራው ዕድሜ ሆኖ ሳለ በቤተሰብ መካከል በመጨረሻ የሚነሳው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ልጅ የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያኔ፣ በዚያች ወር፣ የሁለቱም አካል ለፅንስ ብቁ ነበር። ስለዛሬው ምንም አይናገርም። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ጥያቄውን የሚጀምረው «ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብሎ ነው።

መቆጠር ያለበት ከመቼ ጀምሮ ነው?

ብዙ ጊዜ ችግር የሚመስለው ነገር የስሌት ስህተት ሆኖ ይገኛል። በክንድ የሚቀበረው፣ ሉፕ ወይም በየቀኑ የሚዋጠው እንክብል ሲቆም እንቁላል በሳምንታት ውስጥ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። የሦስት ወሩ መርፌ ግን ሌላ ጠባይ አለው። መድኃኒቱ ከተወጋበት ጡንቻ ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው፤ ከመጨረሻው መርፌ አንስቶ እስኪፀነስ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል፣ አንዳንዷ ላይ እስከ ዓመት ተኩል ይሄዳል። መርፌው ያዘገያል እንጂ አያመክንም። በኢትዮጵያ በጣም የተለመደው መከላከያ መርፌው ስለሆነ ይህ ለብዙ ሴት ሊነገራት የሚገባ ነገር ነው፤ ቶሎ ሁለተኛ ልጅ የምትፈልግ ሴት መርፌውን ከመጀመሯ በፊት ብትሰማው ደግሞ ይሻላል።

ጡት ማጥባትም ይቆጠራል። ህፃኑ ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነና የእናቲቱ ወር አበባ ካልተመለሰ እርግዝናን 98 በመቶ ይከላከላል። ከዚያም በኋላ ሌሊት አዘውትራ የምታጠባ እናት እንቁላሏ ዘግይቶ ሊመለስ ይችላል። ይህ በሽታ አይደለም።

ሦስተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። እንቁላል ከወጣች በኋላ የምትቆየው ቢበዛ 24 ሰዓት ነው፤ የወንዱ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ይኖራል። ስለዚህ ለፅንስ የሚሆኑት እንቁላል የምትወጣበት ቀንና ከእሱ በፊት ያሉት አምስት ቀናት ናቸው። እንቁላል የምትወጣው በሁሉም ሴት በ14ኛው ቀን አይደለም፤ ቀጣዩ ወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀድማ ነው። ወር አበባዋ በየ32 ቀኑ የሚመጣ ሴት መስከረም 1 ካየች ቀጣዩ ጥቅምት 3 ይሆናል፤ እንቁላሏ የምትወጣው መስከረም 18 አካባቢ፣ መልካሞቹ ቀናት ደግሞ ከመስከረም 13 እስከ 18 ናቸው። በእነዚህ ቀናት ፈሳሹ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ የጠራና የሚሳብ ይሆናል። አንዱ በሌላ ከተማ ወይም በዓረብ አገር እየሠራ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚገናኙ ባለትዳሮች 12 ወሩን እንደ ሌላው ሰው መቁጠር አይችሉም፤ የሚቆጠርላቸው አብረው የነበሩባቸው ወራት ናቸው።

ወሊዱ ትቶት የሄደው

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛ ደረጃው ከመጀመሪያው የሚለየው፤ አንዳንዴ ችግሩን ያመጣው የቀድሞው እርግዝና ራሱ ነው።

በአፍሪካ ቀዳሚው ምክንያት የማህፀን ቱቦ መዘጋት ነው። ከወሊድ በኋላ የገባ ኢንፌክሽን፣ ንፅህናው ባልተጠበቀ ቦታ የተደረገ ውርጃ፣ በጊዜው ያልታከመ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የሚባለው ሌላው የአባላዘር በሽታ ወደ ላይ ወጥቶ ቱቦውን ያቆስላል። ቁስሉ ሲድን ግድግዳው ይጣበቃል፤ ባይጣበቅም ውስጡ ያሉት እንቁላልን የሚገፉ ረቂቅ ፀጉሮች ይረግፋሉ። ክላሚዲያ ብዙ ሴት ላይ ምንም ምልክት ስለማያሳይ «አሞኝ አያውቅም» ማለት ቱቦው ደህና ነው ለማለት አያስችልም። የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) በሚያመጣው ተህዋስ ማህፀንና ቱቦም ሊያዙ ይችላሉ፤ ቲቢ በበዛበት አገር ይህም መታሰብ አለበት።

የእንግዴ ልጅ ቀርቶ ወይም ፅንስ ወርዶ ማህፀኗ የተጠረገላት ሴት የማህፀኗ ግድግዳዎች በጠባሳ ሊያያዙ ይችላሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከጠረጋው በኋላ ወር አበባዋ በጣም ያንሳል ወይም ጨርሶ ይቀራል። በቀዶ ሕክምና የወለደች ደግሞ ጠባሳው ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ተፈጥሮ ደም ይጠራቀምበታል፤ ወር አበባዋ ካበቃ በኋላ ለቀናት ቡናማ ደም ጠብ ጠብ ሲል የምታይ ሴት ይህን ለሐኪሟ ትንገር።

ከሁሉም በላይ እንዳይታለፍ የምንለው አንድ አለ። ስትወልድ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ከዚያ በኋላ ጡቷ ወተት ካልያዘ፣ ወር አበባዋ ካልተመለሰ፣ የብብቷ ፀጉር ከረገፈ፣ ብርድ ከጠላችና ድካም ካልለቀቃት የሺሃን ሕመም ሊሆን ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ከአንጎል ሥር ያለችው አተር የምታክል ዕጢ ትፋፋለች፤ ደም በድንገት ሲያጥራት ትሞታለች። ሌሎቹን ዕጢዎች የምታዝዘው እሷ ስለሆነች ጉዳዩ ከመፀነስ ያልፋል፤ ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን የሚተካ ክኒን ካልተሰጣት ተራ ኢንፌክሽን እንኳ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማልም።

ከእነዚህ ሌላ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለችው ዕጢ) መዛባት፣ ከወሊድ በኋላ በጨመረ ክብደት የሚባባስ የእንቁላል አለመውጣትና የማህፀን ውስጠኛውን ክፍል የሚገፋ ማዮማ የሚባል የማህፀን እብጠት አሉ። ማዮማ ሁሉ ግን ፅንስ አይከለክልም፤ ወሳኙ ያለበት ቦታ ነው።

ሾተላይ የሚባለውን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣው ይህ ችግር መፀነስን አይከለክልም። የሚጎዳው የተፀነሰውን ነው፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ ደህና ተወልዶ የሚቀጥሉት ይጠፋሉ። መከላከያው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ሲሆን በ28ኛው ሳምንትና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ውርጃ ካጋጠመም እንዲሁ።

«እኔማ ወልጃለሁ» የሚለው ባል

የባል ምርመራ ርካሽና ቀላል ሆኖ ሳለ የሚዘገየው በዚህች አንዲት ቃል ነው። የወንድ ዘር ጥራት በዓመታት ውስጥ ይለወጣል። ቫሪኮሴል የሚባለው የቆለጥ ደም ሥሮች ማበጥ ቀስ በቀስ የሚጎዳ በመሆኑ አንድ ወልደው በቆሙ ወንዶች ላይ ጨርሶ ካልወለዱት ይበልጥ ይገኛል። ለጡንቻ ተብሎ የሚወሰድ የቴስቶስትሮን መርፌ ደግሞ ሰውነት የራሱን ዘር ማምረት እንዲያቆም ያደርጋል።

ናሙናው የሚሰጠው ከ2 እስከ 7 ቀን ያለ ግንኙነት ከቆዩ በኋላ ነው። ላቦራቶሪው በሰጠው ዕቃ ይያዛል፤ ሳሙናም ተራ ኮንዶምም ዘሩን ስለሚገድሉ አይነኩትም። አብዛኛው ዘር ያለው በመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ስለሆነ እነሱ ከፈሰሱ ደብቆ ማስረከብ ውጤቱን ያበላሻል፤ መናገር ነው። ቤት ከተወሰደ ከልብስ ሥር ሙቀቱ ተጠብቆ በ1 ሰዓት ውስጥ ይድረስ፣ ፍሪጅ አይግባ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የሚሰጠው ዝቅተኛ መጠን 1.4 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር፣ 42 በመቶ የሚንቀሳቀስ፣ 4 በመቶ ቅርጹ የተስተካከለ ነው። ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ በቅርቡ በወባ ወይም በታይፎይድ የተኮሰ ሰው ውጤቱ ሊያንስ ይችላል። በአንድ ወረቀት አይፈረድም፤ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል።

ሴቷ የምትመረመረው

የአልትራሳውንድና የታይሮይድ፣ እንዲሁም ፕሮላክቲን የሚባለው የወተት ሆርሞን ምርመራ በመጀመሪያ ቀጠሮ ያልቃሉ። እንቁላል መውጣቷን የሚያረጋግጠው ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ምርመራ ግን ቀን ይፈልጋል። «በ21ኛው ቀን» ተብሎ ይታዘዛል፤ ይህ ለ28 ቀን ዑደት ብቻ ነው የሚሠራው። መወሰድ ያለበት ቀጣዩ ወር አበባ ሊመጣ 7 ቀን ሲቀረው ነው፤ ዑደቷ 35 ቀን ለሆነ ሴት 28ኛው ቀን ማለት ነው። በተሳሳተ ቀን ተወስዶ «እንቁላል አትወጣም» የተባለች ሴት በከንቱ መድኃኒት ትጀምራለች።

ቱቦ የሚታየው ቀለም ተሰጥቶ በሚነሳ ራጅ ነው። ወር አበባ ካቆመ በኋላ፣ ከጀመረበት ቀን ተቆጥሮ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይሠራል። በቀጭን ቱቦ ፈሳሹ በማህፀን በር ቀስ ብሎ ይገባና ወደ ሁለቱም ጎን ሲፈስ ይታያል። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያማል፤ ከ1 ሰዓት በፊት አይቡፕሮፌን መዋጥ ይረዳል። ቱቦው በድንጋጤ ተኮማትሮ የተዘጋ መስሎ ሊታይም ይችላል። በማህፀን በኩል ያለው ጫፍ «ተዘግቷል» ከተባለ ቀዶ ሕክምና ከመወሰኑ በፊት ደግሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ነው። እንቁላል ካልወጣች ከወር አበባ 3ኛ ቀን ጀምሮ ለ5 ቀን ሌትሮዞል የሚባል እንቁላል እንድትወጣ የሚያግዝ ክኒን ይሰጣል። ጠባሳ በማህፀን መመልከቻ ይቆረጣል። ሁለቱም ቱቦ ከተዘጉ በላቦራቶሪ ማዳቀል ነው መፍትሔው፤ ቱቦው ውኃ ይዞ ካበጠ ግን ፈሳሹ ፅንሱን ስለሚጎዳ አስቀድሞ ቱቦው ይወጣል ወይም ይታሰራል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ ይህን አገልግሎት ጀምሯል። በእስራኤል ያሉ ደግሞ የጤና መድኑ ሴቷ 45 ዓመት እስኪሞላት፣ ሁለት ልጅ እስኪወለድ ድረስ ወጪውን እንደሚሸፍን ይወቁ፤ አንድ ልጅ መኖሩ ከመብቱ አያስወጣም።

ፀበል የሚጠመቁም ቢሆኑ ቀጠሮውን አይተዉ፤ ሁለቱ አይጣሉም፣ ዕድሜ ግን አይጠብቅም። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለቱም አብረው ይሂዱ። የቀድሞው ወሊድ ወረቀት፣ የቀዶ ሕክምና ወይም የጠረጋ ማስረጃ፣ የመጨረሻው የመከላከያ ካርድና የስድስት ወር የወር አበባ ቀኖች በእጃቸው ይኑሩ። የወሊዱ ወረቀት ከጠፋ ያን ቀን አጠገቧ የነበረችውን እናት ወይም እህት «ምን ያህል ደም ፈሰሳት? የእንግዴ ልጁ በእጅ ነው የወጣው?» ብሎ ጠይቆ መምጣት ይቻላል።