የአሰልጣኝ ስንብት በደሴና በኮምቦልቻ ክለቦች

የአሰልጣኝ ስንብት ክለብ ዋና አሰልጣኙን የውል ዘመኑ ሳያልቅ የሚለይበት አሠራር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቡድኑ ወደ ወራጅ ቀጠና ሲንሸራተት ነው። በሜዳ ወሬ አራት አባባሎች እየተቀያየሩ ይነገራሉ፤ ትርጉማቸው ግን አንድ አይደለም። «ከኃላፊነት ተነሳ» የተባለ ሰው ዋና አሰልጣኝነቱን ያጣል እንጂ ውሉ ላይቋረጥ ይችላል፤ ወደ ታዳጊ ቡድን ተዛውሮ ደመወዙን እየበላ ሊቆይ ይችላል። «ታገደ» ጊዜያዊ ነው። «ተሰናበተ» ውሉ ፈረሰ ማለት ነው። «በስምምነት ተለያዩ» ደግሞ ሁለቱም ወገኖች የፈረሙበት ወረቀት ይጠይቃል። ወረቀት የሌለው ስምምነት ጥቂት ወራት ቆይቶ ክስ ሆኖ ይመለሳል።

ደሴ ከተማም ሆነ ወሎ ኮምቦልቻ በአገሪቱ ሁለተኛ እርከን በሆነው በከፍተኛ ሊግ ስማቸው የሚታወቅ ክለቦች ናቸው። እንዲህ ያሉ የከተማ ክለቦች አሰልጣኝ ሲያሰናብቱ አሠራራቸው እንደ ባለሀብት ክለብ አይደለም። ገንዘቡ በአብዛኛው ከከተማ አስተዳደር ድጋፍ፣ ከፋብሪካና ከነጋዴ መዋጮ፣ ጥቂቱ ደግሞ ከመግቢያ ትኬት ይመጣል። በቦርዱ ወንበር የሚቀመጡትም ብዙውን ጊዜ የአስተዳደሩ ኃላፊዎች ናቸው። ስለዚህ ውሳኔው የኳስ ውሳኔ ብቻ ሳይሆን የበጀትም ነው። በጀቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይሄዳል፤ የአንድ ዋና አሰልጣኝ ደመወዝም ለዓመቱ አንድ ጊዜ ተይዟል። በየካቲት አሰልጣኝ የሚቀይር ክለብ ለተሰናባቹ ካሳ፣ ለአዲሱ ደመወዝና የቤት ኪራይ፣ አንዳንዴም ለአዲሱ ረዳት ሌላ ደመወዝ ይጠበቅበታል። ይህ በጀት ላይ የለም። ከየት ይመጣል ሲባል መልሱ ዘወትር አንድ ነው፦ ከተጫዋቾች ደመወዝ ላይ። ያኔ ቡድኑ ይበልጥ ይወድቃል።

ነጥቡ ምን ይላል

ቦርድ ሲሰበሰብ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ ያለበት ስሌት እንጂ ስሜት አይደለም። 16 ክለብ ባለበት ሊግ 30 ጨዋታ አለ። ከ12 ጨዋታ 9 ነጥብ የያዘ ቡድን በጨዋታ በአማካይ 0.75 ነጥብ እየሰበሰበ ነው። ለመትረፍ 36 ነጥብ ይበቃል ብለን ብንነሳ፣ በቀሩት 18 ጨዋታዎች 27 ነጥብ፣ ማለትም በጨዋታ 1.5 ነጥብ ያስፈልገዋል። ከባድ ቢሆንም የሚቻል ነው። ያው ቡድን በዚያው አካሄድ እስከ 20ኛው ጨዋታ ቢታገሥ 15 ነጥብ ይዞ 10 ጨዋታ ይቀረዋል፤ የጎደለው 21 ነጥብ በጨዋታ 2.1 ይሆናል። ይህ ለዋንጫ የሚጫወት ቡድን አማካይ ነው። ዘግይቶ ማሰናበት በጊዜ ከማሰናበት የባሰ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዙ ሊድስ ዩናይትድ 4 ጨዋታ ሲቀረው ሳም አላርዳይስን አምጥቶ ከ12 ነጥብ 1 ብቻ አግኝቶ ወረደ።

በሌላ በኩል ሌስተር ሲቲ የሊጉን ዋንጫ ባነሳ በ9 ወሩ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 2017 ላይ፣ ክላውዲዮ ራኒዬሪን አሰናብቶ ዓመቱን 12ኛ ሆኖ ጨርሷል። ስንብት ይሠራል የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት እንዲህ ያለውን ነው። ነገሩ ግን ጠለቅ ብሎ ሲመረመር ይቀዘቅዛል። በኔዘርላንድስ ከፍተኛ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 የነበሩ ስንብቶች ተጠንተው ነበር፤ አሰልጣኝ የቀየሩ ክለቦች ከቅያሪው በኋላ እንደተሻሻሉ ታየ። ይሁንና ያንኑ ያህል የወደቁና አሰልጣኛቸውን ያልቀየሩ ክለቦችም በእኩል ፍጥነት አገግመዋል። በተከታታይ አምስት ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ከዚያ በታች የሚወርድበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ስድስተኛውን ሲያሸንፍ ምስጋናው ያን ሳምንት ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ይሄዳል።

በእኛ አካባቢ ከውጤት ሰንጠረዡ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ተጫዋቾቹ የመጨረሻ ደመወዝ የተቀበሉት መቼ ነው? ሁለትና ሦስት ወር ያልተከፈለ ቡድን ልምምድ ላይ ይታወቃል። ጉዳት ይበዛል፤ ወጌሻው ዘንድ የሚሰለፈው ልጅ ቁጥር በሳምንት ይጨምራል፣ ግማሹ ጉዳት ግን ከጡንቻ አይደለም። እንዲህ ባለ ቡድን ላይ አሰልጣኝ መቀየር ለተከራይ ቤት ቁልፍ እንደ መቀየር ነው፤ ጣሪያው እንደሚያፈስ ይቀራል።

ሁለተኛው የአካባቢው ጉዳይ ከፍታ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሐረጎን ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ ተጫዋች በደሴው ሆጤ ሜዳ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልምምዱን በከባዱ የጀመረ አሰልጣኝ ቡድኑን ሳያዘጋጅ ያደክመዋል። የከፍተኛ ሊግ ውድድር በተመረጠ ከተማ ተሰብስቦ ሲካሄድ ደግሞ የሆጤ ደጋፊም ሆነ የሆጤ ቀዝቃዛ አየር አብሮ አይሄድም። በሜዳው ጠንካራ የነበረ ቡድን በገለልተኛ ሜዳ ሲደክም ጥፋቱ ሁሉ የአሰልጣኙ ነው ለማለት መቸኮል አያስፈልግም። ሦስተኛው ጾም ነው። ወሎ ውስጥ አንድ ቡድን የረመዳንም የዐቢይ ጾምም ጾመኞች አሉት፤ ሁለቱ በሚገጥሙበት ዓመት የልምምድ ሰዓትና የምግብ ፕሮግራም ያላስተካከለ አሰልጣኝ በርግጥ ተጠያቂ ነው። ሰዓቱን አስተካክሎ የምግብ በጀት የተከለከለው ግን አይደለም።

ደብዳቤው

ጉዳዩ ከሜዳ ወደ ቢሮ ሲገባ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሥርዓቱን የጠበቀ ስንብት በቦርድ ስብሰባ ይጀምራል። ምልዓተ ጉባኤ መሟላት፣ አጀንዳው አስቀድሞ መያዝ፣ ውሳኔውና ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ መስፈር አለበት። ሰብሳቢው በስልክ «አነጋግሬያቸዋለሁ፣ ሁሉም ተስማምተዋል» ያሉት ውሳኔ ቃለ ጉባኤ አይደለም። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ያወጣል፦ የወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ «ጉዳዩ፦ የሥራ ውል ስለማቋረጥ»፣ ምክንያቱ፣ ውሉ የሚቋረጥበት ቀን፣ ፊርማና ማኅተም፤ ግልባጩም ለፋይናንስ፣ ለቴክኒክ ክፍልና ለፌዴሬሽን።

ክለቦች የሚሳሳቱበት ዓረፍተ ነገር ታዋቂ ነው፦ «ቡድኑ ባስመዘገበው ዝቅተኛ ውጤት ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ ከኃላፊነት የተነሱ መሆኑን እንገልጻለን።» በዚህች አንዲት መስመር ውስጥ ሦስት ቀዳዳ አለ። «ከኃላፊነት የተነሱ» የሚለው ውሉ መቋረጡን አይናገርም፤ ስለዚህ ደመወዙ ይቆጠራል። «ከዛሬ ጀምሮ» የሚለው ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ነው ወይስ የደረሰበት? «ዝቅተኛ ውጤት» ደግሞ በቁጥር ካልተለካ ክርክር ነው። ውሉ ላይ «በመጀመሪያው ዙር ከ15 ጨዋታ ቢያንስ 18 ነጥብ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ነገሩ ይጠራል። ጥሩ ውል ዒላማውን ከሁኔታው ጋር ያስራል፦ ደመወዝ በወቅቱ ከተከፈለና አሰልጣኙ የጠየቃቸው ተጫዋቾች ከተመዘገቡ ይህን ያህል ነጥብ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የማቋረጫ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱንና የሚጸናበትን ቀን መግለጽ አለበት፤ ለሠራተኛውም በእጁ ይሰጣል። ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ በሥራ ቦታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል። በተግባር የሚሆነው ግን ደብዳቤው ገና መዝገብ ቤት ሳለ ወሬው ፒያሳ መድረሱ ነው። አሰልጣኙ ስንብቱን ከቴሌግራም ያነባል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ ደብዳቤው የሚረከበው ያጣል። ውድድሩ ሌላ ከተማ ከሆነ ደግሞ ቡድን መሪው ከሆቴሉ ደጃፍ ፎቶውን በስልክ ይልክለታል። የተላከ ፎቶ የተረከበ ደብዳቤ አይሆንም።

ስለ ሙከራ ጊዜም አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። አዋጁ የፈቀደው 60 የሥራ ቀን ነው። በሐምሌ የተቀጠረ አሰልጣኝ ሙከራው የሚያልቀው የሊጉ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ነው ማለት ይቻላል፤ ክለቡ ሰውየውን የሞከረው በወዳጅነት ጨዋታ ብቻ ይሆናል። ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበትም የሚቻለው በአንቀጽ 27 ለተዘረዘሩ ጥፋቶች ነው፤ ለምሳሌ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን መቅረት። መሸነፍ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሒሳቡ

ገንዘቡን በምሳሌ ማየት ይቀላል። የወር ደመወዙ 60,000 ብር የሆነና 15 ወር የቀረው አሰልጣኝ ያለ በቂ ምክንያት ተሰናበተ እንበል። ቀሪው ውሉ 900,000 ብር ያወጣል። በአዋጁ ግን ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል በሕገ ወጥ መንገድ ሲቋረጥ ካሳው እስከ ውሉ ማብቂያ የሚያገኘው ደመወዝ ሆኖ ከ180 ቀን ደመወዝ አይበልጥም፤ በግርድፉ 360,000 ብር። የቀረው 5 ወር ብቻ ቢሆን 300,000 ብር ይሆን ነበር። በዚህ ላይ ያልተከፈለ ደመወዝና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ይጨመራል። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ አሰልጣኙም የክፍያ ጥያቄውን 6 ወር ሳያልፍ ካላቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ክለቡ ጠበቃ ካቆመ የመጀመሪያ መከራከሪያው «ዋና አሰልጣኝ የሥራ መሪ ስለሆነ አዋጁ አይመለከተውም» የሚል ነው። ስለዚህ የሥራ መዘርዝሩ ላይ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ተጽፎለት እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

የውጭ ዜጋ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ ለአሰልጣኞች ቅጥር የተለየ ደንብ አውጥቷል። ካሳው በመርህ ደረጃ የቀሪው ውል ሙሉ ዋጋ ሆኖ አሰልጣኙ በዚያው ጊዜ ከሌላ ክለብ ያገኘው ይቀነሳል፤ ክለቡ ካልከፈለ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ እስከ ሦስት የዝውውር መስኮት ሊታገድ ይችላል። በዚሁ ደንብ ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው አሰልጣኝ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ካሳውም አይቀርበትም። ቦርዶች ይህን የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

ማን ይረከባል

ምክትሉ ወንበሩን የሚይዘው በማግሥቱ ነው፤ ምክንያቱም ከሦስት አራት ቀን በኋላ ጨዋታ አለ። ለእሱ ሦስት ነገር በጽሑፍ ቢሰጠው መልካም ነው፦ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ደመወዙ ላይ ምን እንደሚጨመርና ለዋናው ቦታ መወዳደር መቻሉን። ይህ ካልተነገረው ጥርጣሬው ወደ ተጫዋቾቹ ይዛወራል። በቡድኑ ውስጥ የተሰናባቹ «ልጆች»፣ ማለትም ሲመጣ ያስፈረማቸው፣ ሁለት ሦስት ቀን አንገታቸውን ይደፋሉ። ከእነሱ አንዱን በመጀመሪያው ጨዋታ ማሰለፍ ከሃያ ደቂቃ ንግግር ይበልጣል።

አዲሱን ከማስፈረም በፊት ላይሰንሱ መታየት አለበት፤ የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ደረጃዎች ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያሉ ያድጋሉ። የውድድሩ ደንብ ለዋና አሰልጣኝ የሚጠይቀውን ደረጃ ያልያዘ ሰው ስሙ በጨዋታ ቅጽ ላይ ስለማይሞላ ከጥላ ፎቁ ሆኖ በስልክ ያሰለጥናል፤ ይህ አያዋጣም። ለቅያሪው የሚመከረው ጊዜ በሁለቱ ዙሮች መካከል ያለው እረፍት ነው፤ የአጋማሽ ዝውውር መስኮት ክፍት ሲሆን አዲሱ አሰልጣኝ ቢያንስ አንድ ተከላካይና አንድ አጥቂ መጠየቅ ይችላል። መስኮቱ በተዘጋ በሳምንቱ አሰልጣኝ የሚቀይር ቦርድ አዲሱን ሰው የሚያስረክበው የአሮጌውን ቡድን ነው። ውሉ ላይ ደግሞ ቡድኑ ቢወርድ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይጻፍ፤ ብዙዎቹ ክርክሮች ሐምሌ ላይ የሚነሱት ከዚህ ነው።

ተሰናባቹ ክሊራንስ ይጨርሳል። ኳስ፣ ኮን፣ ሰዓት፣ ላፕቶፕና ክለቡ የተከራየለት ቤት ቁልፍ ይመለሳሉ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃውም ክሱ ቢኖርም ባይኖርም ይሰጠዋል፣ ሕጉ ያስገድዳል። ከሁሉም የሚረሳው የልምምድ ጫናና የጉዳት መዝገብ ነው። በብዙ ክለብ በአሰልጣኙ ደብተር ውስጥ እንጂ በቢሮ አይቀመጥም፤ ደብተሩም አብሮት ይሄዳል። አዲሱ መጥቶ ጭኑ ያልዳነ አጥቂ 90 ደቂቃ ሲያጫውት፣ ልጁ እስከ ሰኔ ይተኛል። ስለዚህ ወጌሻው ሁለተኛ ቅጂ ይያዝ።